ባንክ ቤት የታሰረው በሬ

ባለፈው ፋሲካ የእኛ፣ የናይሮቢ ሳውዝ ሲ ሰፈር ሐበሾች፣ በሬ ባንክ ቤት ታስሮ ነበር። በሬው ራሱ ከኢምባካሲ ወዲያ፣ ጉዮ በሚባል የቦረና ነጋዴ በረት ውስጥ ቆሞ በሰላም ያመሰኳ ነበር፤ የታሰረው ዋጋው ነው። ነገር ግን ሁለት ወር ሊሞላ ለተጠጋ ጊዜ ሥጋ ያልቀመሰ ጾመኛ በዋጋውና በበሬው መካከል ያለው ልዩነት አይታየውም። በሬው ታስሯል፣ ያሳሰረው መምህሩ ነው ተባለ። እውነት ነው፣ እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ማስረዳት እወዳለሁ። ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ማታቱ በሚባለው የከተማው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ መንገደኛ «ዛሬስ ይሞቃል» ካለኝ፣ የምድር ወገብ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳልነግረው አልወርድም። አንዳንዱ ሰው መውረጃው ሳይደርስ ለምን እንደሚወርድ ግን እስካሁን አልገባኝም።

ቅርጫ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት እንደማያስፈልግ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ላብራራ። ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ያርዳሉ፤ ሥጋውን እኩል በእኩል ይመድባሉ፤ ከዚያ ዕጣ ተጣጥለው ይካፈላሉ። ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም በየመደቡ ትንሽ ትንሽ ይደርሳል። ለክፍልፋይ ትምህርት ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። ችግሩ ሁልጊዜ መዋጮው ላይ ነው። አንዱ «ነገ» ይላል፤ አንዱ ግማሹን ያመጣል፤ ሌላው ደግሞ ግማሹን ካመጣው ሰው ሊበደር ይመጣል።

ዘንድሮ ይህን ነገር ሥርዓት አስይዘዋለሁ አልኩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆመን ስናወራ ሐሳቤን አቀረብኩ። ሁሉም ሰው እኩል ገንዘብ፣ በአንድ ምሽት፣ በስልኩ ወደ እኔ የባንክ አካውንት ይልካል፤ እኔም በማግስቱ ጠቅላላውን በአንድ ጊዜ ለጉዮ አስተላልፋለሁ። ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ዘመናዊ። በዋትስአፕ ቡድናችን ላይም መመሪያ ጻፍኩ። መመሪያው ረዘም ያለ ስለነበር ማንም አያነበውም ብዬ ነበር። ግን በተባለው ምሽት ስልኬ መንጫጫት ጀመረ፤ አንዱ መልእክት ሳያልቅ ሌላው ይገባል። በሐበሻ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሰው የተባለውን ነገር በተባለው ሰዓት አደረገ። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። በኋላ ወንጀለኛ ያስመሰለን ይኸው ሥርዓት አክባሪነታችን ነው። እንደ ወትሯችን ብንዘገይና ብንዝረከረክ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየንም ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ላስተዋውቃችሁ። ስማቸውን ቀይሬያለሁ፣ ሥራቸውንም ትንሽ አዛውሬያለሁ፤ ሳውዝ ሲ ያላችሁ ማንነታቸውን ለመገመት አትድከሙ።

ጋሽ ወርቁ ጊጊሪ በሚገኝ አንድ የውጭ ድርጅት ቢሮ ለረጅም ዘመን በሾፌርነት ያገለገሉ፣ ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራ የወጡ አዛውንት ናቸው። ከሥራው ቢወጡም ክራቫታቸውን አላወለቁም፤ ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ እንኳ አስረውት ነው። የቅርጫችን መዳቢ እሳቸው ናቸው። ቢላቸውን ይዘው ሲመድቡ ሚዛን የሚጠይቅ የለም። ቤታቸው ውስጥ ያለው ነገር ግን እንደ ክራቫታቸው ያማረ አልነበረም። ይህን ካወቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ እትዬ ብርቱካን ናት፤ በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት እያስመጣች የምትሸጥ ነጋዴ። ከመዋጮው ዋዜማ ደወለችልኝ።

«የጋሽ ወርቁንም ድርሻ እኔ እልካለሁ» አለች። «መዳቢ አይከፍልም፣ ልማዱ ነው በላቸው። ስሜን ካነሳህ ግን ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም።»

እንዲህ ዓይነት ልማድ ሰምቼ እንደማላውቅ ገለጽኩላት።

«አሁን ሰማህ» አለችኝና ዘጋችው።

ለጋሽ ወርቁ ነገርኳቸው። ክራቫታቸውን አስተካከሉና ትክክል ነው፣ ድሮም መዳቢ አይከፍልም ነበር አሉ። ከዚያም አልፈው አያታቸው ሳይከፍሉ የመደቡበትን ፋሲካ ከነአየሩ ጠባይ ተረኩልኝ። ትናንት ማታ የተፈጠረ ልማድ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ትውልድ ሲያስቆጥር አየሁ።

መዋጮው በገባ ማግስት ጠዋት ገንዘቡን ወደ ጉዮ ላክሁት። አልሄደም። ደግሜ ሞከርኩ። አካውንትዎ ለጊዜው ታግዷል የሚል ጽሑፍ መጣ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት ደወለች፤ ዋንጂሩ እባላለሁ፣ ባንኩ ውስጥ አጠራጣሪ የገንዘብ እንቅስቃሴ የምንከታተል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው አለችኝ። ድምጿ ጨዋና የተረጋጋ ነበር። ገንዘቡ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ቀርበህ እንድታስረዳን እንፈልጋለን አለች።

እንድታስረዳን። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ እኔ ግን የግብዣ ካርድ የደረሰኝ ያህል ደስ አለኝ።

ደግሞም እንዲህ ያለውን ቁጥጥር በጣም የምደግፍ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤታችን ያለው የታሪክ መምህር አንድ ጊዜ ከባንክ ነው የምደውለው ያለ ሌባ አታሎት ያጠራቀመውን ሊያሳጣው ነበር። የባንኩ ኮምፒውተር ነገሩ አላምር ብሎት ገንዘቡን መንገድ ላይ ያዘው። ሰውዬው የመምህራን ክፍል ውስጥ ተነስቶ ጨፈረ፤ እኛም አጨበጨብን። ከዚያ ወዲህ ስለ ባንክ ምስጢር ወሬ በተነሳ ቁጥር «ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው አለ?» የሚል ንግግር አለኝ። ተማሪዎቼ በቃላቸው ይዘውታል።

ቁጭ ብዬ የራሳችንን ነገር በኮምፒውተሩ ዓይን ሳየው ደግሞ አልፈረድኩበትም። ብዙ ሰው፣ አንድ ዓይነት መጠን፣ በአንድ ምሽት፣ ወደ አንድ የመምህር አካውንት ይገባል፤ በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ተጠራርጎ ከብት ነጋዴ ነኝ ወደሚል ሰው ሊወጣ ይሞክራል። ተማሪዎቼን ወንጀል በሥዕል አሳዩኝ ብላቸው ከዚህ የበለጠ አይስሉም።

ይህን ሁሉ በቡድናችን ላይ ዘርዝሬ ጻፍኩ። ግልጽነት መልካም ነው ብዬ። ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሳት አስፈራኝ። አንዱ ለለቅሶ የተዋጣ ነው በላቸው፣ ባንክ ለቅሶ ያከብራል ይላል። አንዷ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው በል ትላለች። ሌላው ምንም ብትል ዕጣ የሚለውን ነገር እንዳታነሳ ይላል። አንድ ሰው ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ከቡድኑ ወጣ፤ የሚሆነውን ማየት አምሮት ግን ወዲያው ተመልሶ ገባ። ጉዮም ደወለ። በሬውን ሌላ ገዢ እንደጠየቀው፣ ለእኔ ሲል እስከ ሐሙስ ብቻ እንደሚጠብቅ ነገረኝ። ሰሙነ ሕማማት ገብቷል፤ በዚህ ሳምንት ሌላ በሬ በዚያ ዋጋ ማግኘት የማይታሰብ ነው።

በዚህ መሃል ጋሽ ወርቁ ረጅም የድምፅ መልእክት ላኩ። መምህሩ ላይ የሚወራው ነውር ነው፣ ሐሜትን የሚያጠፋው ግልጽነት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ማን እንደላከ ማን እንዳልላከ የሚያሳየውን የባንክ ስቴትመንት እዚሁ ቡድኑ ላይ ይለጥፍልን አሉ። ሁሉም አውራ ጣት እያነሳ ደገፈ። እኔም ስቴትመንቱን አውርጄ፣ ሥርዓት ያለው ሰው ስለሆንኩ ርእስ ጭምር ሰጥቼው፣ ልለጥፈው ስል እትዬ ብርቱካን ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ጣትህን ሰብስብ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። በስቴትመንቱ ላይ የእሷ ስም ሁለት ጊዜ አለ። የጋሽ ወርቁ ስም የለም። ይለጠፍልን የሚሉት ደግሞ ራሳቸው ናቸው።

ስልኬ ተበላሽቷል ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ስልክ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ባንኩ ልሄድ ስወጣ ጋሽ ወርቁ ከደጃፌ ቆመው አገኘኋቸው። ሙሉ ልብስ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ክራቫት። ብቻህን አትሄድም፣ ሽማግሌ ያስፈልግሃል አሉኝ። አይምጡ ማለት እንዴት ይቻላል? ለእኔ ብለው የወጡ ሰው ናቸው። መንገድ ሙሉ አይዞህ፣ እውነት ከእኛ ጋር ናት እያሉ ያጽናኑኝ ነበር። እኔ የፈራሁት እውነትን ነበር።

ዋንጂሩ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ መነጽር ያደረገች፣ ጠረጴዛዋ ላይ አንድም የተዝረከረከ ወረቀት የሌለባት ሴት ናት። ጠረጴዛዋን እንዳየሁ አከበርኳት። ተነስታ ለጋሽ ወርቁ እጇን ዘረጋች። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ እንጂ አልጨበጧትም። ሰሙነ ሕማማት ነው፤ በዚህ ሳምንት መጨባበጥና መሳሳም የለም። የተዘረጋው እጇ አየር ላይ ቀረ። ጌታን አሳልፎ የሰጠው ሰው በሰላምታ እንደቀረበው፣ ለዚህም በጾማችን መጨረሻ ሳምንት፣ ሥጋና ወተት ከመተው ሌላ፣ ሰላምታም እንደምንተው አስረዳኋት።

«አሳልፎ የሰጠው ለመንግሥት ሰዎች ነው አይደል?» አለች እጇን እየሰበሰበች። «በገንዘብ?»

አዎ አልኩ። ጥሩ አጀማመር አልነበረም።

ከዚያ ጠየቀችኝ። ስለ አካውንትህ በእኚህ ሰው ፊት ብናገር ትፈቅዳለህ? ደንበኛው ካልፈቀደ አንዲት ቃል አልናገርም አለች። እዚህ ላይ ማሰብ ነበረብኝ። ግን ያ የለመድኩት ንግግር ከአፌ ወጣ፤ ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው አለ አልኳት። ጋሽ ወርቁ ጭንቅላታቸውን በኩራት ነቀነቁ። እሷ ብቻ አላጨበጨበችም።

ማስረዳት ጀመርኩ። ወረቀት ጠይቄ በሬ ሳልኩ፤ በሬውን በመስመር ከፋፈልኩ፤ ሽንጥ፣ ጎድን፣ ሻኛ እያልኩ ምልክት አደረግሁ። ጋሽ ወርቁ ሻኛውን ዝቅ አድርገኸዋል ብለው አረሙኝ። ዋንጂሩ በትዕግሥት አዳመጠችና፣ ገንዘብ የላኩት ሰዎች በምላሹ ምን ያገኛሉ አለች። ሥጋ አልኳት። ማን የትኛውን እንደሚወስድ እንዴት ይታወቃል? በዕጣ አልኳት፣ እንዳትናገር የተባልኩትን ረስቼ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ገንዘብ አዋጥቶ በዕጣ መውሰድ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ እንደሆነ ታውቃለህ አለች። ሁሉም መደብ እኩል እንደሆነ፣ ስለዚህ ማንም እንደማያሸንፍ ማንም እንደማይሸነፍ ነገርኳት። እኩል ከሆነ ዕጣው ለምን አስፈለገ? በዚህ ጥያቄ ሒሳብ አስተማሪው እኔ ተያዝኩ። ጋሽ ወርቁ አዳኑኝ፤ መዳቢው ለማን እንደሚሆን ሳያውቅ ነው የሚመድበው፣ ለዚህ ነው እኩል የሚሆነው አሉ። መልሱን በጣም ወደደችው። የባንክ ሰው ሁሉ በዚህ መንገድ ቢሠራ ኖሮ እኔ ሥራ አይኖረኝም ነበር ብላ ሳቀች።

ነገሩ ሊያልቅ ነው ብዬ ተነፈስኩ። ስቴትመንቱን አንስታ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወደታች እየተከተለች መጣች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል» አለች። «ሁሉም ሰው አንድ አንድ ጊዜ ነው የላከው። ይህች ሴት ግን ሁለት ጊዜ ልካለች። ሁለተኛው የማን ነው?»

ጋሽ ወርቁም ዓይናቸውን ከእስክሪብቶዋ ጫፍ አንስተው አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

በሕይወቴ መልስ እያወቅሁ ዝም ያልኩት ያኔ ነው። ብናገር ሽማግሌው በገዛ ጆሯቸው ይሰማሉ፤ ለእኔ ክብር ብለው በመጡበት ባንክ ቤት፣ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ። ውሸት ብናገር እሷ ታውቃለች። ዝም ብል በሬው ነገ ይሸጣል። ምንም ያላደረገ ሰው ወንጀለኛ መምሰል ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ተማርኩ፤ ንጹሕ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ለካ፤ የሚደብቀው ግን የራሱን ላይሆን ይችላል።

ዋንጂሩ አየችኝ። ከዚያ ጋሽ ወርቁን አየች። ክራቫታቸው ላይ ዓይኗ ለቅጽበት አረፈ። ስቴትመንቱን በቀስታ ገለበጠችው፤ ጽሑፉ ወደ ጠረጴዛው ሆነ።

«ምዜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ አገሬው አዛውንትን በአክብሮት ሲጠራ እንደዚያ ነው። ደንባችን የመጨረሻውን ጥያቄ ከደንበኛው ጋር ብቻ እንድንጨርስ ያዛል፣ የኔ ስሕተት ነው፣ ከመጀመሪያው መናገር ነበረብኝ አለቻቸው። ጥቁር ሻይ እንዲያመጡላቸው አዛ፣ በሩ ድረስ ራሷ ሸኘቻቸው። ወተት ያለበት ሻይ እንዳይሰጧቸው አሳስባ ነው የተመለሰችው፤ ጾም ያልኩትን ይዛዋለች። እንዲያ ያለ ደንብ ስለመኖሩ እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። ልማድ የሚፈጥሩ ሴቶች አገር ምድሩን ሞልተውታል ማለት ነው።

በሩ ሲዘጋ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እጇን አነሳች።

«ስም እንዳትነግረኝ» አለች። «እኔ ማወቅ ያለብኝ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ነው። የማን ድስት ባዶ እንደሆነ ማወቅ የኔ ሥራ አይደለም።»

ከዚያ እዚያው ፊቴ ለላኪዋ ደወለች። እትዬ ብርቱካን በእንግሊዝኛ ጀምራ፣ በስዋሂሊ አልፋ፣ ስትናደድ ወደ አማርኛ ገባች፤ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ስለ ራሷ የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች። የንግድ ፈቃዷን፣ ግብር የከፈለችበትን፣ የመጨረሻ ዕቃዋ የገባበትን ወረቀት ስልኩ ሳይዘጋ ፎቶ አንስታ ላከች። ሌላም ከፈለግሽ ሱቄ ክፍት ነው፣ ዛሬውኑ ነይ አለች። ዋንጂሩ ሁሉንም አንድ በአንድ አየች፤ አልዘለለችም፤ አንድ ቁጥር አልገጥም ብሏት መልሳ ጠይቃ አስተካከለች። ይህንንም ወደድኩላት። ሌባን የሚይዝ ዓይን እንዲህ ያለ ነው።

በመጨረሻ፣ ሳትጠየቅ፣ እትዬ ብርቱካን ጨመረች፦

«እኔን ከሆነ ጓዳዬ ድረስ ግቢ በላት። የሰው ጓዳ ግን ቁልፉ እኔ ዘንድ የለም።»

ተረጎምኩላት። ዋንጂሩ፣ አልጠየቅሁም ብለህ ንገርልኝ አለች፤ ድምጿ ውስጥ ፈገግታ ነበር። ኮምፒውተሯ ላይ አጭር ነገር ጻፈች። የገንዘቡ ምንጭ ተጣርቷል፣ እገዳው ይነሳ፤ ሌላ ምንም። እኔ ብሆን ገጽ ሙሉ እጽፍ ነበር።

አመስግኜ ልወጣ ስል በስዋሂሊ መምህር ብላ ጠራችኝ።

«ምዋሊሙ፣ ቆይ። ሽማግሌው ውጭ ምን ጠየቀችህ ይሉሃል፤ አንተ ደግሞ መዋሸት የምትችል ሰው አትመስልም። እንግዲህ ልጠይቅህ። በሬው መልኩ ምን ዓይነት ነው?»

ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ አልኳት። ይህንን ብቻ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአጭሩ መለስኩ።

ሰው የሚሠራውን በደንብ ሲያውቅ ማየት ያስደስተኛል፤ ጥሩ የተማሪ ደብተር ሳይ እንኳ ልቤ ይሞቃል። ያቺ ሴት ግን ሌላ ናት። የሁላችንን ኪስ የምታይበት መስኮት ሥራዋ ሰጥቷታል፤ እሷ ደግሞ መጋረጃውን መቼ መመለስ እንዳለባት ታውቃለች። እያንዳንዱ መስኮት ላይ እንደ እሷ ያለ ሰው መቀመጡን ማን ያረጋግጥልናል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። የድሮ ንግግሬንም ክፍል ውስጥ አቁሜያለሁ፤ ተማሪዎቼ ምን ሆንክ ይሉኛል።

ገንዘቡ ከባንኩ ደረጃ ሳንወርድ ለጉዮ ደረሰ። በሬው ተፈታ ብዬ ቡድኑ ላይ ጻፍኩ፤ ያ ወጥቶ የገባው ሰው ከሁሉ በፊት እልል አለ። ማታቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እኔና ጋሽ ወርቁ። ሞምባሳ መንገድ የሚባለው ጎዳና እንደ ልማዱ ተጨናንቋል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል።

ምን ጠየቀችህ አሉኝ።

የበሬውን መልክ አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ፤ አላልተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው።

«ለብርቱካን ንገርልኝ» አሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ። «እግዚአብሔር ይስጥሽ ብለዋል በላት።»

እሺ ጋሼ ልል ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«አይ፣ ተወው፤ አትንገራት። የማላውቅ ሲመስላት ነው ደስ የሚላት።»